የማሽኑ የመጀመሪያ ውሃ

ዐረብ ሀገር፣ ዐይን ኻሊድ በሚባል ሰፈር ያለው ቪላ በር ላይ የተቀበለችኝ ማዳም አይደለችም፤ እትዬ አስካለ ናቸው። ጊዜው በፈረንጆቹ 2013 ነው። ከኤርፖርት ያመጣኝ ሾፌር ሻንጣዬን በረንዳው ላይ አስቀምጦ ሄዷል። እኔ ጫማዬን ላውልቅ ወይስ ዝም ብዬ ልግባ ግራ ገብቶኝ ቆሜያለሁ። ሻሻቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ባልዲ እንደያዙ ከውስጥ መጡና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ሐበሻ ነሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ተመስገን! ከበፊቷ ልጅ ጋር በእጅ ምልክት ስናወራ ነው የከረምነው። ጫማሽን አውልቂ። መሀሉ እርጥብ ነው፣ በዳር በዳሩ ነይ።»

በዳር በዳሩ ሄድኩ። የመጀመሪያ ቀን ትምህርቴ ይኸው ነበር፤ ሌላ ሰው የወለወለውን አለመርገጥ።

እትዬ አስካለ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። እዚያ ቤት የገቡት የማዳም የመጀመሪያ ልጅ በተወለደ ሰሞን ነው፤ እኔ ስደርስ ልጁ ጢም ሊያበቅል ምንም አልቀረውም። ሥራውን የሚያከፋፍሉት እሳቸው ነበሩ። ሳሎኑና ኩሽናው የእሳቸው፣ ፎቁና የልጆቹ መኝታ ቤቶች የእኔ፣ ወንዶቹ እንግዳ የሚቀበሉበት የውጭው መጅሊስ ደግሞ የጋራ ሆነ።

ወለል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ በደረቁ ይጠረጋል፣ ከጥግ ወደ በር። ቀጥሎ ሳሙና የገባበት ውሃ ይዳረሳል። ከዚያ ውሃው በጎማ መግፊያ ይገፋል፣ በመጨረሻ በደረቅ ጨርቅ ይለቀማል። ረጅም እጀታ ያለው መወልወያ ነበረን፤ እትዬ አስካለ ግን የሳሎኑን ነጭ እብነ በረድ የሚወለውሉት ተንበርክከው ነው።

«እትዬ፣ ጉልበትዎን እኮ ጨረሱት።»

«ቆሜ አይታየኝም። ደሞስ አንቺ ለጸሎት ስትንበረከኪ ውለሽ ታድሪ የለ? እኔ እግረ መንገዴን እጨርሳለሁ።»

ጸሎቴ ረጅም ነው። የእሳቸው አጭር ነው። ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ጠርዝ ላይ ዳዊቴን ይዤ ሲያገኙኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ እሱንም እኮ አሰለቸሽው፤ ወተቱ ሊገነፍል ነው» ይሉኝ ነበር። ጾም ሲገባ ግን የእኔን ምግብ ለብቻው በሌላ ድስት የሚሠሩልኝ እሳቸው ናቸው።

ስለ ሳሙናው ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና። ማዳም የጃስሚን ሽታ ያለው የወለል ሳሙና ትወድ ነበር። ጠርሙሱ ላይ ለአንድ ባልዲ አንድ ክዳን ይበቃል የሚል ሥዕል አለበት። ማን ይሰማዋል! ማዳም ጠዋት ከደረጃው ስትወርድ መሀል ላይ ቆም ብላ አየሩን ታሸታለች። ሽታው ካልመጣላት፣ «ዚያዳ፣ አስካ፣ ዚያዳ» ትላለች። ጨምሪ ማለቷ ነው። እኛም ብንሆን ሲነግሩን የምንጠብቅ አልነበርንም። አረፋ ካላየን ያጠብን አይመስለንም፤ ከሀገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። ባልዲው ላይ አረፋው ቂብ ብሎ ሲታይ ደስ ይለን ነበር። ያን ወለል በንጹህ ውሃ ብቻ ወልውለነው አናውቅም።

ማሽኑ የመጣው በ2016 ነው። የማዳም ታናሽ እህት ከውጭ ስትመለስ በትልቅ ካርቶን አምጥታ ሳሎን መሀል አስቀመጠችው። እንደ ተለመደው አቧራ መሳቢያ የቆመ ነው፤ ከሥሩ ግን እንደ በቆሎ ራስ ክብ የሆነ ብሩሽ ይሽከረከራል። ሁለት የውሃ መያዣ አለው። ከኋላ ያለው ንጹሁን ውሃ ይረጫል፤ ከፊት ያለው ከወለሉ የመጠጠውን ቆሻሻ ይቀበላል። የፊተኛው እንደ ብርጭቆ ውስጡን ያሳያል። መጥረጉንም መወልወሉንም በአንዴ ይጨርሰዋል።

እትዬ አስካለ ዞር ዞር ብለው አዩት። «ይሄን አንቺው ያዢው፤ የማይንበረከክ ነገር አላምንም» አሉና ወደ ኩሽና ገቡ።

እኔ አሥረኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ የመመሪያውን ደብተር ሥዕሉንም እንግሊዝኛውንም እያየሁ አጠናሁት። ነገር ቀስ ብዬ መሥራት እወዳለሁ። ብሩሹ እንዴት እንደሚወጣ፣ ማጣሪያው እንዴት እንደሚታጠብ፣ ከሥራ በኋላ የት ቆሞ እንደሚደርቅ ለየሁ። ማዳም ደስ አላት። እህትየው ደግሞ ሻይዋን እየጠጣች፣ «ይሄ ካለሽ አንድ ሠራተኛ ይበቃሻል። ሁለት ምን ያደርግልሻል?» አለቻት። ዐረብኛዬ ያኔ የኩሽና ዐረብኛ ቢሆንም ይቺን ሰማኋት። እትዬ አስካለም ሰምተዋል፤ ኩሽና ውስጥ ሳህን ሲያጥቡበት የነበረው ውሃ ቆመ።

ማሽኑን መጀመሪያ ያስነሳነው በማግስቱ ከሰዓት ነው። ሳሎኑን እትዬ አስካለ ጠዋት ተንበርክከው ወልውለውታል፤ ደርቆ ያበራል። «ማዳም፣ ኩሽናው ገና አልተወለወለም፣ እሱን ላስኪደው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ላ፣ ላ። እዚሁ» አለች እህትየው። «ያላ፣ እንየው።»

ንጹህ ውሃ ሞላሁ። ከማሽኑ ጋር የመጣውን የማጽጃ መድኃኒት እንኳን አልጨመርኩም፤ መጀመሪያ በውሃ ብቻ ልሞክረው ብዬ ነው። ከጥግ ተነሳሁ፣ እንደተማርኩት። ማሽኑ እንደ ንብ እያጉረመረመ በእጄ ላይ ቀለል ብሎ ሄደ። ከኋላው የሚተወው መንገድ መስተዋት ይመስላል። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ። ሴቶቹ ሶፋ ላይ ተቀምጠው እያዩኝ ነው፤ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ፣ ምንጣፉ ጋ ስደርስ እያዞርኩ፣ ሠርግ ላይ እንደሚታይ ሰው ነበር የምሄደው።

«ኸላስ፣ ይበቃል። የቆሻሻውን መያዣ አምጪው» አለች እህትየው።

አላቅቄ አነሳሁት። ጥቁር ነው። ግራጫ ማለት ማሳነስ ነው፤ የከሰል ማዳበሪያ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ከላዩ አረፋ ተኝቶበታል። ይዤው ሄድኩና ሻይ ጠረጴዛው ላይ ሶፍት አንጥፌ አስቀመጥኩት። ሶፍቱን ማንጠፌ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ለማየት እንዲመች አድርጌ ነው ያቀረብኩት።

«ሹፊ! እይው!» አለች እህትየው። «በዚህ ላይ ነው ልጆችሽ የሚንከባለሉት።»

ማዳም ውሃውን ብዙ አየችው። ከዚያ ተጣራች፤ እትዬ አስካለ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ።

«አስካ፣ ዛሬ ሳሎኑን ወልውለሻል?»

«ወልውያለሁ፣ ማዳም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

እትዬ አስካለ ጎንበስ አሉ። ሌባ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት።

«ሳቡን ነው፣ ማዳም። ያንሸራትታል። የሳሙናው ነው።»

እህትየው ሳቀች። «ሳሙና ጥቁር ነው እንዴ?»

ማዳም ወደ እኔ ዞረች። «ትርሲ፣ ደብተሩን ያነበብሽው አንቺ ነሽ። እውነቷን ነው? ሳሙና ነው?»

«ማ አዕርፍ» አልኩ። አላውቅም ማለት ነው።

እውነት ነበር፤ አላውቅም ነበር። ከሀገሬ ስወጣ በምንም ምክንያት ላልዋሽ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ በማላውቀውም ነገር አልምልም። ደብተሩም ስለዚህ የሚለው አልነበረውም። ግን ማሽኑ ላይ ንጹህ ውሃ ብቻ መሙላቴን ከእኔ በቀር እዚያ ቤት ማንም አያውቅም። አረፋውንም አይቼዋለሁ። ሳሙና ካልጨመርኩ አረፋው ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። ሁለቱ ነገር ዓይኔ ሥር ነበር፤ አላገናኘኋቸውም።

እትዬ አስካለ አዩኝ። አልተቆጡም። ዕቃ የሰበረ ሕፃን እንደሚታይ ነው ያዩኝ። ከዚያ መያዣውን አንስተው፣ ጠብ ሳያደርጉ ተሸክመው ወጡና ደፉት።

ብዙ ሳይቆይ ማዳም ኢቃማቸውን፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ እንደማታድስ ነገረቻቸው። ክፉ ሴት አይደለችም። «አስካ፣ ደክመሻል፣ ልጅሽ ጋ ሄደሽ እረፊ» አለቻቸው። ብርድ ልብስና ሽቶ ገዛችላቸው። ስለ ውሃው ግን አንድ ቃል አላነሳችም፤ አለማንሳቷ ነበር የባሰው።

ሻንጣቸውን ስናሰናዳ፣ «እትዬ፣ አይዘኑ» አልኳቸው።

«ለመሄዴ አይደለም። የሚመጣው ዓመት እገባለሁ ብዬ ለልጄ ነግሬያት ነበር። ያን ልጅ ጥርስ ሳያወጣ ጀምሮ ያሳደግኩበት ወለል ነው። ከዚያ ላይ ቆሻሻ ናት ተብዬ መነሳቴ ነው።»

«እኔ እኮ አልዋሸሁም፣ እትዬ።»

«ማን ዋሸሽ አለሽ?»

ሻንጣው አልዘጋ አለ። «ነይ እስቲ ተቀመጪበት» አሉኝ። ተቀመጥኩበት፤ እሳቸው ዚፑን ሳቡት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የእኔና የማሽኑ ሆነ። አሁን የምጽፈው ከሁሉ ይልቅ አንገቴን የሚያስደፋኝ ነው። ውሃው ጥቁር ሆኖ መውጣቱን አልተወም። ትናንት ራሴ በማሽኑ ያጠብኩት ወለል ዛሬም ጥቁር ይሰጠኛል። ማዳም እንዳታይብኝ እየሮጥኩ ጓሮ ወስጄ እደፋው ነበር። የእትዬ አስካለን ውሃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፣ የራሴን ግን እደብቃለሁ። ቀስ በቀስ እየነጣ፣ እየነጣ ሄደ። በመጨረሻ የሚወጣው ውሃ የሰሃን እጣቢ ያህል እንኳ አይደፈርስም። እኔ ጎበዝ ሆኜ መሰለኝ። ለማዳምም አሳየኋት፤ «ማሻአላህ» አለችኝ።

ኮንትራቴ ሲያልቅ ማዳም ሌላ ቦታ እንድቀጠር ፈቅዳ ፈረመችልኝ። ቢን ኦምራን የሚባል ሰፈር ከሦስት ሐበሾች ጋር ክፍል ተከራየሁና አል ሰድ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ጽዳት ገባሁ። የወለል ማሽን እችላለሁ ስላልኩ ቶሎ ነው የወሰዱኝ። አለቃችን ቢሽኑ የሚባል ኔፓላዊ ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሲያስረዳ ግን ሁለት ጊዜ አይደግምም።

በ2018 ክሊኒኩ ከጎኑ ያለውን ፎቅ ጨመረ። እስከዚያ ድረስ ሌሎች ሰዎች በእጅ ሲወለውሉት የኖረ ኮሪደር ነው። ማሽኑን አስገባሁ፤ አንድ መስመር ሄጄ የቆሻሻውን ሳወጣው ያው ነው፤ ጥቁር፣ አረፋ ያለበት።

አብራኝ የምትሠራው ኬንያዊት አፍንጫዋን ያዘች። «እነዚያ ሰዎች ምን ሲሠሩ ነበር? ተኝተው ነበር?»

«አይደለም» አለ ቢሽኑ። «ድፊውና ንጹህ ውሃ ሙይ። አሁን ባጠብሽበት መስመር ላይ ድገሚው።»

ደገምኩት። ጥቁር ነው።

«ሦስተኛ።»

ጥቁር ነው፤ ትንሽ ሳሳ ቢልም።

«ይሄን መስመር አሁን ሦስት ጊዜ ያጠብሽው አንቺ ነሽ። ቆሻሻ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እነሱም አይደሉም። ሳሙና ሲበዛ ወለሉ ላይ ይቀራል። ይደርቃል፣ በላዩ ይረገጣል፣ አቧራው ይጣበቅበታል፤ በማግስቱ ሌላ ሳሙና ይደረብበታል። ጨርቅ አያነሳውም፣ ብሩሽ ነው የሚያነሳው። እስኪጠራ ድረስ በውሃ ብቻ አስኪጂው።»

የማሽኑን እጀታ ይዤ ቆምኩ። ኬንያዊቷ፣ «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። ማ አዕርፍ ስል የወጣው የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር።

በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጬ ኮምቦልቻ ደወልኩ። እትዬ አስካለ በልጃቸው ቤት ነው ያሉት። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጃቸው ከተጠያየቅን በኋላ፣

«እትዬ፣ ሳሙና ነበር» አልኩ።

«ምኑ?»

«ያ ውሃ።»

ሳቃቸው መጣ። «አንቺ ልጅ፣ ያንን ውሃ እስካሁን ተሸክመሽው ነው? ማን ነገረሽ?»

«ኔፓላዊ አለቃችን።»

«እሱን አመንሽው!»

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ቆመ።

«ለማዳም ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም። አሁን ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ይነግሩኛል፣ ትርሲቴ? ሳሙና መሆኑን እኔ በጣቴ አውቄዋለሁ። የማታውቀው እሷ ናት።»

የእረፍት ቀናችን በሆነው ዓርብ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዬን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በታክሲ ዐይን ኻሊድ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን በዐረብኛ ሳሰናዳ ነበር። አዲስ የተቀጠረች ልጅ ከፈተችልኝ። መሀሉ እርጥብ ስለነበር በዳር በዳሩ ገባሁ።

ማዳም አቅፋ ሳመችኝ። ሻይ አስመጣችልኝ። ያ ጠረጴዛ አሁንም እዚያው ነው።

«ማዳም፣ የአስካለ ውሃ ትዝ ይልሻል?» አልኩ። ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ የወጣልኝ ይሄ ብቻ ነው። «ሳሙና ነበር። እኔ ስላላወቅኩ ነው አላውቅም ያልኩሽ። አሁን አውቄዋለሁ።»

ፊቷ ተለወጠ። «ከስንት ጊዜ በኋላ ይሄን ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው?»

«ማሽኑን ስጪኝና ላሳይሽ።»

ሳሎኑ ጠርቶ ስላለቀ እዚያ የሚታይ ነገር የለም። የውጭው መጅሊስ ግን ማሽን አይገባውም፣ ዛሬም በጨርቅና በዚያው ሳሙና ነው የሚወለወለው። ማዳም ዐባያዋን ደርባ ተከተለችኝ። ማሽኑን ከማንሳቴ በፊት መጅሊሱን የምትወለውለውን አዲሷን ልጅ፣ «ማዳም ሻይ ፈልጋለች፣ አፍይልን» ብዬ ወደ ኩሽና ላክኋት። ንጹህ ውሃ በማዳም ዓይን ፊት ሞላሁ። አንድ መስመር ሄድኩ፤ ጥቁር። ደፋሁ፣ መያዣውን አጠብኩ፣ በዚያው መስመር ላይ ደገምኩ፤ ጥቁር። አሁን ያጠብኩት ወለል መሆኑን መናገር አላስፈለገኝም፤ ቆማ እያየች ነው።

ማዳም ጎንበስ አለችና ውሃውን አሸተተችው። ጃስሚኑ አለበት። ደረጃው ላይ ቆማ ስትፈልገው የኖረችው ሽታ ነው። ቀና ስትል አላየችኝም፤ ወደ በሩ ነበር የምታየው።

«አስካ ደህና ናት?» አለች።

«ደህና ናት።»

«ሰላም በያት።»

ሌላ ነገር ትጨምር እንደሆነ እየጠበቅኩ ብሩሹን አጥቤ ማሽኑን ቦታው መለስኩ።

ከበሩ ሳልርቅ ደወልኩ።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ አስካለ፤ ስልኩን በእጃቸው ይዘው ሲጠብቁ ነበር መሰለኝ።

«ሰላም በያት አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላለችም። ውሃውን አሸተተችው።»

«አሸተተችው?»

«ጎንበስ ብላ።»

«በቃ። ደርሶኛል በያት» አሉ።

አሁን ክሊኒኩ አዲስ ልጆች ሲቀጥር ማሽኑን የማሳየው እኔ ነኝ። የምነግራቸው ይህንን ነው። አዲስ ማሽን በአሮጌ ወለል ላይ ስታስኬዱ የመጀመሪያውን ውሃ ለማንም አታሳዩ፤ ደፍታችሁ እስኪጠራ ቀጥሉ። ጥቁር የሚያደርገው የከረመ ሳሙና ነው፤ ትናንት የወለወለው ሰው አይደለም። አለቃ መጥቶ የማን ጥፋት ነው ብሎ ከጠየቃችሁና ካላወቃችሁ፣ አላውቅም ብላችሁ አትቁሙ። በዚያው መስመር ላይ ደግማችሁ አስኪዱት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።